የቁራ አምባ ስንጥቆች

ሰርካለም ወይራ ግርጌ መንደር ከገባች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር፤ ቀኖቹም አንዱ ካንዱ አይለይም። ጠዋት ጉሙ ሳይወርድ ከጋሽ ይመር ጋር ወደ ቁራ አምባ ገደል ይሄዳሉ። ይመር ኮምፓሱን አንገቱ ላይ፣ የቀይ ቀለም ቆርቆሮውን ወገቡ ላይ አስሮ የገደሉን እርከን እየረገጠ ይወጣል፤ እሷ ከአምና ጀምሮ ጉልበቷ ዳገት አልወጣም ስላላት ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች። እሱ ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር በቀለም ቁጥር ይጽፍበትና ኮምፓሱን አስጠግቶ ሁለት ቁጥር ወደ ታች ይጣራል፤ አንዱ የስንጥቁ አቅጣጫ ነው፣ ሌላው ምን ያህል እንደተጋደመ። እሷ ትጽፋለች። «ድገመው!» ትለዋለች አንዳንዴ፣ ይደግምላታል። ሌላ ወሬ የላቸውም። የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ሰርካለም ደግሞ የሚያሰለች ሥራ ትወዳለች።

ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ ቀበሌው ለቢሮ ይሁንሽ ብሎ ወደ ሰጣት የእህል መጋዘን ትገባለች። መጋዘኑ የጆንያና የአይጥ ሽታ አለው፤ መስኮቱ መዳፍ የምታክል ስለሆነች ደመናው ሲከብድ ውስጡ በቀን እንኳ ይጨልማል፣ ከላፕቶፑ ብርሃን በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲያቋርጥም የራሷን ትንፋሽ እስክትሰማ ድረስ ጸጥ ይላል። ቁጥሮቹን ከደብተሯ እያየች አንድ መስመር ለአንድ ስንጥቅ አድርጋ ፋይል ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ትከፍታለች፤ ሥዕል የለበትም፣ የሚጫኑት ነገር የለበትም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቁጥሮቹን የሚያሰላውን ትንሽ ፕሮግራም፣ የስክሪፕቱን ስም፣ ቀጥሎም የፋይሉን ስም ትጽፍና ኢንተር ትላለች። ጣቶቿ ይህችን ትእዛዝ አሥር ዓመት ስለጻፏት ከእሷ ፈቃድ አይጠይቁም።

ስክሪፕቱን የጻፉት አስተማሪዋ ጋሽ መንበሩ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ደሴ ተቀምጠዋል። ይመርም ሥራውን የለመደው በወጣትነቱ የእሳቸውን ቦርሳ ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ሲዞር ነው። ጋሽ መንበሩ ግትር ሰው ስለሆኑ ስክሪፕቱ የሚመልሰው በአማርኛ ነው። «ድንጋዩ የኛ፣ ተራራው የኛ፣ መልሱ ብቻ የፈረንጅ የሚሆነው ምን ሲደረግ ነው?» ይሉ ነበር። መጨረሻው ላይም ማንም ያልጠየቃቸውን አንድ ሥራ ጨምረውበታል፤ ስክሪፕቱ ከእያንዳንዱ ስንጥቅ ወደሚያዘነብልበት ወገን መስመር ይስብና መስመሮቹ አንድ ላይ የሚገጥሙበት ቦታ ካለ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ስንጥቅ ወይ ጎን ለጎን ተሰልፎ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ወይ እንዳሻው ይበታተናል፤ በሁለቱም መንገድ መስመሮቹ አይገናኙም። ስለዚህ የመጨረሻዋ መስመር ሁልጊዜ አንድ ናት፦ «መጋጠሚያ የለም።» ሰርካለም በአሥር ዓመት ውስጥ ከዚህ ሌላ አንብባ አታውቅም።

ቢሮዋ የላካት ለአንድ ጥያቄ ነበር። ቁራ አምባ ግማሽ ክብ ሠርቶ የቆመ ገደል ነው። ከአንደኛው ክንዱ ጫፍ ሥር ሠላሳ ስምንት አባወራ ያለው ወይራ ግርጌ ተቀምጧል፤ ከሌላኛው ክንዱ ጫፍ ሥር ሽንብራ ሜዳ የሚባል ባዶ መስክ አለ፤ በመካከላቸው ወንዝ ያልፋል፣ ወደ ወረዳው የሚወስደው መንገድም በሜዳው በኩል ነው። አምና ክረምት ሦስት ቋጥኝ ወርዶ የአንድ ገበሬ በረት አፈረሰ። ዘንድሮ ሰዉ ይቀመጥ ወይስ ይነሳ? መልሱን ፈርማ የምትሰጠው ሰርካለም ናት፤ ተሳስታ ከፈረመች ሰው ያልቃል። ያረፈችውም ከመንደሩ ሁሉ ለገደሉ የቀረበው ቤት፣ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ነበር። እትዬ ዘሃራ ስልሳን ያለፉ፣ ከምራታቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ጉልበቷን ቅቤ እያሹ «ይኼ ገደል አባቴን አሳድጓል፣ እኔን አሳድጓል፣ አሁን ምን አድርጌው ይጥለኛል?» ይሏታል። ሰርካለም ጥያቄውን ስታስብ የሚመጣባት የእሳቸው እጅ ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሠላሳ አንድ ስንጥቅ አስገብታ ኢንተር አለች። ሻይዋን አንስታ ፉት ልትል ስትል የመጨረሻዋን መስመር አየች። «መጋጠሚያ አለ። ስፋት 300 ሜትር።»

ሻይዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ የመጣላት የጽሕፈት ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ማንም የሚያስበው ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹን ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች፣ ልክ ናቸው። ፋይሉን አጥፍታ እንደገና ጻፈችው። መጋጠሚያ አለ። በሦስት መቶ ሜትር ውስጥ ማንኛውም ነገር ሊገጥም ይችላል ብላ ራሷን አጽናናች፤ ነገ ሌላ ስንጥቅ ሲጨመር ይበተናል። በማግስቱ ዘጠኝ ጨመረች። ስፋት 90 ሜትር። በሦስተኛው ቀን ስምንት ጨመረች፤ ስፋት 40 ሜትር ሆነ። በካርታው ላይ ስታስቀምጠው መንደሩ ውስጥ አረፈ።

አንዱን ስንጥቅ ብቻውን ለሚያየው ምንም የለበትም፣ ተራ ስንጥቅ ነው። ክፋቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው። አንዱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ከእሱ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የዚያኛው ጎረቤት ደግሞ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሁሉም እየተጠማዘዙ፣ በለቅሶ ቤት አስከሬን እንደከበቡ ሰዎች ወደ አንድ ቦታ አዘንብለው ነበር።

«ጋሽ ይመር» አለችው በነጋታው፣ «ገደሉ ላይ ስትሆን የሚታይህ ነገር አለ?»

«እንደምን ያለ?»

«ስንጥቆቹ… ሁሉም ወደ መንደሩ የሚያዩ አይመስልህም?»

ይመር የቀለም ብሩሹን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ «ድንጋይ ዓይን የለውም፣ ኢንጂነር» አላት። ጂኦሎጂስት ነኝ ማለቱን ከተወች ቆይታለች። ሲወጣ ግን እንደወትሮው እያፏጨ አልወጣም።

የዚያን ዕለት ጉሙ በጠዋት ወረደ። ይመር ከሁለተኛው እርከን ሲያልፍ እግሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ቀጥሎ የለም፤ ከነጩ ነገር ውስጥ የሚመጣው ድምፁ ብቻ ሆነ። ቁራ አምባ ግማሽ ክብ ስለሆነ የተናገሩትን ይመልሳል፤ ይመር ቁጥሩን ሲጠራ ገደሉ ትንሽ ቆይቶ፣ ቃሉን እያኘከ፣ ከሦስት ወገን ይደግመዋል። ሰርካለም ለምዳዋለች፤ እንዲያውም አንዱን ሳትሰማ ካለፋት ከገደሉ ትጽፈው ነበር። ሃምሳ ሦስተኛው ስንጥቅ ላይ ደርሰዋል። ገደሉ «ሁለት መቶ አርባ፣ ሰባ» አለ። ጻፈች። እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሳ፣ ከጉሙ ውስጥ ይመር «ሁለት መቶ አርባ፣ ሰባ!» ብሎ ተጣራ።

እጇ ቆመ። የሚቀጥለውንም አዳመጠች፤ መጀመሪያ ገደሉ፣ ቀጥሎ ይመር። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ይመር ሲወርድ «ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የምትጠራው?» አለችው።

«አንድ አንድ ጊዜ ነው የጠራሁት። ምነው?»

«ምንም» አለች። ጉም ድምፅ ያዛባል፤ ይህን ከአንድ መጽሐፍ ላይ አንብባለች። አንብባለች ወይስ አሁን ፈጠረችው፣ እርግጠኛ አልነበረችም።

ይመር ዕቃውን ሲሸክፍ እሷ ከሥር ወዳለው ዘጠነኛ ስንጥቅ ሄደች፤ ከመሬት ተነስቶ የሚወጣ፣ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። አፉ ላይ የይመር ቀይ 9 ተጽፏል፣ ከጭራው ቀለም ተንጠባጥቧል። ከውስጡ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚወጣው ዓይነት፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ይመጣል። እጇን ስታስጠጋ አየር ተሰማት። ተራራ ይተነፍሳል፣ በዚህ የሚደነቅ ጂኦሎጂስት የለም፤ ጠዋት ያወጣል፣ ከሰዓት ያስገባል። ይህ ግን ያስገባ ነበር፣ ያስገባ ነበር፣ አያቋርጥም፤ እስክትደክም ድረስ ቆማ ጠበቀችው፣ አንድም ጊዜ አላወጣም። ከደብተሯ ጫፍ ቁራጭ ወረቀት ቀድዳ ስታስጠጋው ወረቀቱ ከጣቷ ቀስ ብሎ ተላቀቀና ወደ ጨለማው ሄደ። የስልኳን መብራት አብርታ ተከተለችው። የስንጥቁ ሁለት ግድግዳዎች ሰው በመዳፉ ዕድሜ ልኩን ሲያሻቸው የኖረ ይመስል ለስልሰዋል። ወረቀቱ አልታየም። የታየው፣ ክንድ ከማይደርስበት ወዲያ፣ ሌላ ቀይ 9 ነው፤ ያው ጽሕፈት፣ ያው የተንጠባጠበ ጭራ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ከእሱም ወዲያ፣ መብራቱ ከሚደክምበት ላይ፣ አንድ ሌላ።

መብራቱን አጠፋች። ለይመር አልነገረችውም፤ ብትነግረው ነገ አይወጣም፣ እሷም አትፈርድበትም። ከሰዓት መጋዘን ገብታ ስልሳ አራቱንም ስንጥቆች አስገባች። ስፋት 2 ሜትር። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ የእትዬ ዘሃራ ቤት ነበር።

በማግስቱ ፈረመች፤ መንደሩ ይነሳ። ወዴት የሚለውም ከነጥቡ በጣም የራቀውን ቦታ በማየት ተመለሰ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ሽንብራ ሜዳ ደልዳላ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለመንገድም ይቀርባል። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ብቻ ፊታቸው አልፈታም። «አባቶቻችን እዚያ አልሰፈሩም» አሏት። «ለምን ብትዪኝ አላውቅም። አልሰፈሩም።» ሰርካለም ይህን በጨዋ ደንብ ሰምታ አለፈችው። የከበዷት እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አልሄድም አሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሰርካለም እግራቸው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፣ የምታለቅሰው ለምን እንደሆነ ግን አልነገረቻቸውም። እትዬ ዘሃራ እንባዋን በነጠላቸው ጠረጉላትና «በቃ፣ አንቺ ካልሽ እሄዳለሁ፣ ልጄ» አሉ። ሠላሳ ስምንቱ አባወራ ከብቱን፣ ጓዙን፣ የቤቱን በር ሳይቀር ነቅሎ ተሻገረ። ወረዳው የላከው ነጭ ሸራ ሜዳው ላይ ተደረደረ።

አራት ቀን በሰላም አለፈ ማለት ይቻላል። ከብቱ ሜዳው ላይ ቆሞ ያድራል እንጂ አይተኛም የሚል ወሬ ሰማች፤ አዲስ ቦታ ነው፣ ይለምዳል አለች። ወደ ባዶው መንደር የምንጭ ውሃ ሊቀዱ የሄዱ ሴቶች ደግሞ ቤቶቹ ውስጥ ቁጥር የሚቆጥር ሰው ያለ መሰለን ብለው መጡ። እሱን አላስተባበለችም፣ አላመነችምም። ደክሟት ነበር። ሥራዋን እንደሠራች ተሰምቷት ነበር፤ ይህ ስሜት ከሁሉ ይበልጥ ጣፋጭ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ስልክ የሚሠራባት አንዲት ጉብታ ላይ ወጥታ ደሴ ደወለች። ልትፎክርም፣ ልትጠይቅም ነው። ጋሽ መንበሩ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጧት ሰሙ። ስለ ገደሉ ድምፅና ስለ ቀይ ቁጥሮቹ አልነገረቻቸውም።

«መጋጠሚያ አለ አለሽ?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ሻክሯል። «ሁለት ሜትር?»

«ሁለት ሜትር፣ ጋሼ።»

«ሰርኬ፣ አሁን አቅጣጫውን የምትጽፉት እንዴት ነው? በስንጥቁ ርዝመት ነው ወይስ በሚያዘነብልበት?»

«በሚያዘነብልበት። ቢሮው ዘንድሮ ቅጹን ቀይሮታል፤ ለጋሽ ይመርም ነግሬዋለሁ።»

«ስክሪፕቱ እኮ ዝም ካልሽው በርዝመቱ የተለካ ነው ብሎ ነው የሚቀበልሽ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለካው፣ ያስተማርኳችሁም እንደዚያ ነው። ርዝመቱን ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ዘጠና ዲግሪ አዙሮ ዝንባሌውን ያገኛል። ዝንባሌውን ራሱን ከሰጠሽው አታዙር ማለት አለብሽ። ከትእዛዙ ኋላ የምትገባ ምልክት አለች። አስገብተሻታል?»

ሰርካለም ጣቶቿን አየች። ለአሥር ዓመት ያለ ፈቃዷ የሚጽፉትን ጣቶቿን። ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ ከጉብታው ወርዳ፣ ጉልበቷን ረስታ፣ ባዶው መንደር ውስጥ ወዳለው መጋዘን ሮጠች።

ምልክቷን ጨምራ ኢንተር አለች። በልቧ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጋጠሚያ የለም እንዲላት። መስመሮቹ እንዲበታተኑ፣ ያ ሁሉ ነገር ስህተት ብቻ ሆኖ እንዲቀር፣ ሰውም ስቆባት ወደ ቤቱ እንዲመለስ። ጥቁሩ መስኮት ጥቂት ቆየ። «መጋጠሚያ አለ። ስፋት 2 ሜትር።» ነጥቡን ካርታው ላይ አስቀመጠች። ሽንብራ ሜዳ፣ ከነጮቹ ሸራዎች መካከል።

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አልፈጀባትም፤ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ግማሽ ክብ ላይ የትም ቦታ ቆሞ አንዱን ጫፍ ካዩ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ለመዞር የሚያስፈልገው ልክ ዘጠና ዲግሪ ነው። መንደሩ አንዱ ጫፍ ነው፣ ሜዳው ሌላው፤ በርዝመት ለተለካ ቁጥር ልክ የሚሆነው ያለ ምልክቷ የወጣው መንደሩ ነው፣ በዝንባሌ ለተለካ ግን ከምልክቷ ጋር የወጣው ሜዳው። በሌላ በማንኛውም ተራራ ላይ ይህ ስህተት ቢሠራ መስመሮቹ ተበታትነው ስህተቱ ራሱን ያጋልጥ ነበር። እዚህ ብቻ፣ በዚህ ገደል ብቻ፣ የተሳሳተውም መልስ እንደ ትክክለኛው ያማረ ሆኖ ይወጣል። ገደሉ ግማሽ ክብ የሆነው ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። ሰርካለም ይህን ስታስብ ከመጋዘኑ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሳት። ሠላሳ ስምንት አባወራ በገዛ ፊርማዋ አንስታ ከሥሩ አስቀምጣለች።

ሜዳው ላይ ስትደርስ ልብሷ ሁሉ ጭቃ ነበር። ሰው ይሰድበኛል ብላ ጠብቃለች፤ ማንም አልሰደባትም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያሳመማት። ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ስትላቸው ሴቶቹ እልል አሉ። አራት ቀን ሸራ ውስጥ በጭቃ የተንገላታ ሰው ቤትህ ግባ ሲባል ምክንያት አይጠይቅም። ሼህ እንድሪስ ብቻ ቀረብ ብለው ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«ኢንጂነር፣ እኛ ዕቃ አይደለንም። ዛሬስ እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ አባባ» አለች። እውነቷን ነበር፤ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

ዝናቡ ከላይ መጣል ጀምሮ ስለነበር ወንዙ እየሞላ ነው። ወንዶቹ ገመድ ዘርግተው ሕፃናቱን አሳለፉ፣ አሮጊቶቹን አሳለፉ፣ ከብቱን ነዱ። ሰርካለም እትዬ ዘሃራን ክንዳቸውን ይዛ ተሻገረች፤ ውሃው እስከ ጭኗ ደርሶ ነበር። ይመር ከሁሉ በኋላ የመጨረሻውን በር በጭንቅላቱ ተሸክሞ ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ደራሹ ውሃ ዛፍ እየገለባበጠ መጣ፣ ገመዱን በጠሰው፣ ዳርና ዳሩን አንድ አደረገው። አሁን ለሦስትና ለአራት ቀን ማንም አይሻገርም። ሰዉ ከዳር ቆሞ እያየ «ተመስገን፣ በሰዓቱ ወጣን» ይል ነበር፤ ሰርካለምም አብራቸው ተመስገን አለች።

በሩ ተገጠመ፣ እሳት ተያያዘ። ሰርካለም እትዬ ዘሃራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከየቤቱ የሚመጣውን የሰው ድምፅ አዳመጠች፤ የሚጣሉ ሕፃናት፣ የጠፋ ዶሮ የሚጠራ ሰው፣ ከነፋሱ ጋር የሚንኳኳ ቆርቆሮ። ገደሉ ከበላያቸው በደመና ተሸፍኖ አይታይም። ወደ ዘጠነኛው ስንጥቅ ሄዳ እጇን ዘርግታ ነበር፤ አየሩ መሳቡን ትቷል፣ አያስገባም፣ አያስወጣም። ደግ ምልክት ነው ብላ ተመለሰች። ከብዙ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ አለች፣ እትዬ ዘሃራም ደስ ብሏቸው ሊያቀርቡላት ተነሱ።

«ኧረ ይኼን እዩልኝ» አሉ ከውስጥ። «ይኼ ስንሄድ አልነበረም።»

ከጓዳው በስተጀርባ፣ በገደሉ በኩል ያለው የጭቃ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀጭን ነው፣ ጣት አያስገባም። ጭቃ ነው፣ በዝናብ ይሰነጠቃል፣ ሰርካለም አልደነገጠችም። ሥራ የለመደ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትምና «ጋሽ ይመር፣ እስቲ ይቺንም ለካልኝ፣ ስልሳ አምስተኛ ትሁን» አለችው እየሳቀች። ይመርም ስቆ ኮምፓሱን ከአንገቱ አወጣ።

ሲለካ ከቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው፣ እሷ ታች፤ ብዙ ጊዜም ጉሙ በመካከላቸው ነው። ይመር በመዳፉ ግድግዳውን ዳበስ አደረገ፣ ከዚያ የኮምፓሱን ጠርዝ በስንጥቁ ርዝመት ልክ አጋድሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መርፌው እስኪረጋ ጠበቀ።

«ጋሽ ይመር» አለች ሰርካለም። ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ መሰላት። «በርዝመቱ ነው እንዴ የያዝከው? አዲሱ ቅጽ እኮ የሚያዘነብልበትን ነው የሚለው። ነግሬህ እሺ ብለኸኝ አልነበር?»

ይመር ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ ፈገግ አለ። «ለቅጹማ አንቺ ታዞሪዋለሽ ብዬ ነዋ፤ እኔ ስልሳ አራቱንም የለካኋቸው እንዲሁ በርዝመታቸው ነው፣ ጋሽ መንበሩ እንዳስተማሩኝ።»